አንኮበርን ያስጎበኘሁበት ቅዳሜ

ሰው ስለ አንኮበር ሲያደንቅ መስማት አልወድም። ስለ ገደሉ፣ ስለ ጥዱ፣ ከቆላው ስለሚወጣው ጉም ያወሩና ወደኔ ዞረው «እርስዎም ያገሩ ሰው ነዎት አሉ፣ እስቲ ይጨምሩበት» ይሉኛል። አልጨምርም። አንድ ቀን ሰው ሰብስቤ አስጎብኝቻለሁ፤ በቃኝ። የልጅ ልጆቼ «አያታችን ይህን ወሬ ሲሰሙ ለምን ይነጫነጫሉ?» እያሉ ስለነዘነዙኝ ነው የምጽፈው። ከዚህ በኋላ ደግሞ እንዳትጠይቁኝ።

በሃምሳዎቹ ማለቂያ ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን የታሪክና የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ሙሉ ልብስ፣ አንድ ክራቫት፣ ብዙ አፍ ነበረኝ። እኛ አስተማሪዎችና የየመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎች ተሰብስበን አልፎ አልፎ ሽርሽር እንወጣ ነበር። የዚያን ዓመት በጥቅምት፣ ወርኃ ጽጌ ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ አበባ በለበሰበት ጊዜ፣ አንኮበር ደርሰን እንመለስ ተባለ። ሦስት ቤተ ክርስቲያን፣ የአንድ ባላባት የአትክልት ስፍራ፣ የቤተ መንግሥቱ ጉብታ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። አስጎብኚ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደኔ አየ። ያገሩ ተወላጅ፣ ያውም የታሪክ አስተማሪ! ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ፤ ሳምንት ሙሉ ደብተር ላይ ሰዓት በሰዓት መርሐ ግብር ጻፍኩ። የቤተ ክርስቲያኖቹን ስም አልጠራም። ያገሬ ሰው ያውቃቸዋል፤ ላላወቀ የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው ደብር ብል ይበቃዋል።

ከተጓዦቹ መካከል አንዲት የስፌት አስተማሪ ነበረች። የሷና የኛ ቤት በታችኛው ደብር አጥር ሥር ጎን ለጎን ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ይህችን ልጅ እናቷ ገዝተዋታል። ግዝት ዛሬ ቀልድ ሆኗል፤ ያኔ ግን ሰው አንድ ቃል ሰምቶ ዕድሜውን ሙሉ ታስሮ ይኖር ነበር። እናቷ ባል አጭተውላት፣ ጠላው ተጠምቆ ሳለ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተነሥታ ወደ ደብረ ብርሃን ጠፋች። ዘመድ ቤት ተጠግታ ተማረች። በሁለተኛው ዓመት ይቅርታ ልትጠይቅ ስትመጣ እናቷ በራፉ ላይ ቆመው ጠበቋት፤ «እኔ በገዛ አፌ ካልፈታሁሽ በቀር የቤቴን ደፍ ብትረግጪ በሥላሴ ግዝት ይሁንብሽ» አሏት። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ፤ እኔም ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሰማሁ። ድንጋይ ተሸክማ ሽማግሌ ላከች፣ እምቢ አሉ። ቄስ ይፍታሽ ሲሏት ደግሞ እሷ እምቢ አለች። «ያሰረችኝ ትፍታኝ» ትል ነበር። እናትና ልጅ በግትርነት አይተናነሱም። እንዲህ ሆነው ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ከዚያ ጥቅምት በፊት፣ በነሐሴ አገሬ ወርጄ ሳለ የኔታ አስጠሩኝ። የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ የታችኛው ደብር ቄስ ናቸው፤ የእናቷም የንስሐ አባት ነበሩ። «እማሆይ ደክመዋል» አሉኝ። እናቷ በስተርጅና ቆብ ደፍተው መንኩሰው ነበር። «ልጄ ትምጣ፣ በአፌ አስሬአታለሁና በአፌ ልፍታት ብለዋል። ንገራት፤ ግን አታቆዩአት።»

ትምህርት ሲከፈት ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋ መጣ። «በእግሬም ቢሆን በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ» አለች። እኔ ምን አልኩ? አፌ ይቆረጥ! «ሦስት ሳምንት ብትታገሺ በአውቶብስ እንሄዳለን፤ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ነገር ሦስት ሳምንት አያቅተውም» አልኳት። መንገዱ እንዳይጎዳት አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ነው! ከሷ ጋር አንድ ቀን ሙሉ ጎን ለጎን መዋል ፈልጌ ነው። እሷም ምክሬን አምና ቆየች።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል፤ የሁላችንም አፍንጫ ቀልቷል። ሹፌሩ በደሴ መንገድ ያረጀ ሰው ነው፤ «የጣርማ በርን ዋሻ በጉም ውስጥ ስንቴ ያለፍኩ ሰው፣ ይህች የአንኮበር መንገድ ምን ታደርገኛለች?» እያለ ይፎክራል። እሷን ከጎኔ ሳስቀምጥ ደግሞ በመስታወቱ አየኝና «መምህር፣ ዛሬ የምታስጎበኘው እኛን ነው እሷን?» አለኝ። አውቶብሱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ጆሮዬ እየጋለ መሳቄ አልቀረም።

እሷ ግን ልቧ እዚያ አልነበረም። ጭኗ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ልብስ ይዛለች። ለእናቷ የሰፋችው የመነኩሴ ቢጫ ቀሚስ ነው። ፈትታ አሳየችኝና «ርዝመቱን አላውቅ አልኩ» አለችኝ። «ስለያት ረጅም ነበረች። ሰው ሲያረጅ ያጥራል አይደል? ስንት ጣት አጠረች ብዬ ልቀንስ? አንተ በነሐሴ አይተሃታል፤ እስቲ ቁመቷን አሳየኝ።» በእጄ ከአውቶብሱ ወለል ጀምሬ ለካሁላት። እየሄድን፣ አውቶብሱ እያንገጫገጨን፣ ጠርዙን አጥፋ በመርፌ ያዘችው።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የላይኛው ደብር ደረስን። ከየኔታ ጋር ቀጠሮ የያዝነው በታችኛው ደብር፣ ከቀትር በኋላ ነው፤ እሳቸው እስከ እናቷ ደጅ ሊወስዷት ተስማምተን ነበር። የኔታ ግን ያን ሁሉ አቀበት ወጥተው የላይኛው ደብር በር ላይ ቆመዋል። ሰዎቹን «ጫማችሁን አውልቃችሁ ግቡ፣ እህል የቀመሰ ከቅጥሩ አይለፍ» ብዬ አስገባሁና ወደሳቸው ሄድኩ። እጄን ይዘው ከጥዱ ጀርባ ወሰዱኝ።

«ዛሬ ዶሮ ሲጮኽ ዐረፉ» አሉኝ።

«ወይኔ! ልንገራታ!» ብዬ ዞርኩ። የኔታ ክንዴን አልለቀቁትም።

«አንተ? አንተ ማነህና?»

«ቀብሩ መቼ ነው የኔታ?»

«ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። አታልቅሱልኝ፣ አታቆዩኝ፤ መነኩሴ ነኝ፣ በዜማ ሸኙኝ ብለው ተናዘዋል።»

«እንግዲያው ትድረስ! አፈር ታልብስ እንጂ!»

«ዝም በል!» አሉኝ፤ በልጅነቴ ፊደል ስስት እንደሚቆጡኝ ነው የተቆጡኝ። «ይህ ገደል አይታይህም? ባዶ ሆዷን፣ በባዳ መካከል፣ የአክስት እጅ እንኳ ሳይደግፋት መርዶ ትነግራታለህ? ራሷን ብትወረውርስ ማን ሊይዛት? አንተ? መርዶ በሽማግሌ አፍ ነው፤ በዘመድ መካከል፣ ጎህ ሲቀድ። አጎቷም ይህንኑ ቆርጧል። ነገ ይነገራታል። እስከዚያ አዙራት።»

«አዙራት ማለት?»

«አስጎብኚ ነኝ ብለህ አይደል የመጣኸው? አስጎብኛት።»

«ግዝቱስ? ፈቷት?» አልኩ።

«እሱ የንስሐ አባትና የልጅ ነገር ነው፤ ላንተ አይነገርም» አሉኝና ዘንጋቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ተያያዙት፤ ለፍትሐቱ መድረስ አለባቸው።

አገራችን ሞትን እንዲህ ነው የሚያረዳው። ዘመድ የሞተበት ሰው በድንገት አይነገረውም፤ ያበሉታል፣ ያስተኙታል፣ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ደጁን ያንኳኳሉ። ልማዱ ክፉ አይደለም፤ ስንቱን ሰው ከገደል አፋፍ መልሷል። ቀብር ግን ልጅ አልደረሰችም ተብሎ አይቆይም። የኔታን እምቢ ማለት አልለመድኩም ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረ ሰው ሲቆጣ ሃያ ስድስት ዓመት ተመልሶ ሰባት ይሆናል። ሰበብ ነው? አዎ፣ ሰበብ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፤ ሌላ ሰው ስለወሰነልኝ ልቤ ቀለል ብሎት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከቅጥሩ ስትወጣ ፊቷ በርቷል። «የኔታን አየኋቸው! ምን አሉህ? እንዴት ናት?»

«ሱባኤ ገብተዋል» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ዛሬ ሰው አያነጋግሩም። ነገ ጠዋት ነው የምታገኚያቸው። አጎትሽ ቤት ታድሪያለሽ፤ እኔም እቀራለሁ።»

ትከፋለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! እጇን በእጇ መታች። «ለኔ ብላ ነው! ልትፈታኝ ስለሆነ ነው ሱባኤ የገባችው። እምዬ እኮ ነገር አታቀልም» አለች። እንዲህ ስትል ወደ ጥዱ ዞሬ የሚያስለኝ አስመሰልኩ።

መካከለኛው ደብር ሥዕል አለው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሥሏል። እኔም እየዞርኩ «ይህ ሰማዕቱ ነው፣ ይህ ንጉሡ ነው» እላለሁ፤ ምን እንደምል ግን አልሰማም፣ የራሴ ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ ይመስለኛል። አንዱ ጸሐፊ የሥዕሉን ዘመን ጠየቀኝና የመጣልኝን ተናገርኩ፤ እሱም ማስታወሻው ላይ ጻፈው። እሷ ከሁላችን ኋላ ቀርታ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ ነበር። ጧፍ አብርታለች። ስጠጋ «ለእምዬ ጤና ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የኔታ «ባዶ ሆዷን» ያሉት ትዝ አለኝና «ቆይ ትብላና» ብዬ ዘጋሁት። እንዲህ አድርጌ በየደረጃው ለራሴ ቀጠሮ እየሰጠሁ ነው የዋልኩት።

ከዚያ ወደ አትክልቱ ወረድን። ባለቤቱ ባላባት አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ አንድ አትክልተኛ ሽማግሌ ብቻ ነው ያለው። ኮኩ፣ ትርንጎው፣ ሎሚው በመደብ በመደብ ተተክሏል፤ በመስኖው ዳር ጽጌረዳው ቀይና ነጭ ሆኖ ፈንድቷል። ሰዎቹ «ይህ እኮ ገነት ነው!» እያሉ በየዛፉ ሥር ስንቃቸውን ፈቱ። የጽጌ ጾም የያዘም ያልያዘም ዳቦውንና ቆሎውን ተካፈለ። እኔ ለሷ ዳቦ ቆረስኩላት፤ ጨረሰች፣ ደገምኩላት። ሽሮ ፍትፍት ከአንዷ ተቀብዬ አጎረስኳት። ሦስተኛውን ጉርሻ በእጇ መለሰችና ሳቀች።

«ምነው ዛሬ? ልታርደኝ ነው እንዴ የምታደልበኝ?»

ሳቋን ሳየው እውነትም አራጅ መሆኔ ተሰማኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ከዚያ እስከ ታችኛው ደብር በእግር ቢሄዱ ግማሽ ሰዓት ነው። አሁን በልታለች። አሁን ብነግራት ትደርሳለች። ተነሣሁም። «ነይ እስቲ» አልኳትና ከሰዎቹ ነጥዬ ወደ መስኖው ዳር ወሰድኳት። አትክልተኛው ሽማግሌ ቀድመውኝ መጥተው ሁለት ጽጌረዳ ሰጧት፤ «ለእናቴ ነው የምወስደው» ስትላቸው «እናት ያኑርልሽ» ብለው መረቋት። እሷም «አሜን» አለች። ወደኔ ዞራ «ምን ልትለኝ ነበር?» ስትለኝ መስኖው እየጮኸ ይፈሳል። «ብርድ ነው፣ ነጠላሽን ደርቢ» አልኳት። እድሜ ልኬን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ከየኔታ ትእዛዝ ይልቅ ይህ ነው።

ቀጥሎ መርሐ ግብሩ ላይ የተጻፈው የታችኛው ደብር ነበር፤ ስምንት ሰዓት። ሰርዤ «መጀመሪያ የቤተ መንግሥቱን ጉብታ እንውጣ፣ የታችኛው መንገድ ጭቃ ነው» አልኩ። ከቀብሩ ላርቃት ብዬ ነው። ሞኝ! ያደግሁበትን አገር ረሳሁት። ጉብታው ላይ የወጣ ሰው ከሸለቆው ማዶ የታችኛውን ደብር መንገድ ከነአጥሩ ያየዋል።

ስንወጣ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት ነበርና እፎይ አልኩ። ስለ ነገሥታቱ ማውራት ጀመርኩ። ንግግሬ ሳያልቅ ነፋስ መጣና ጉሙን እንደ መጋረጃ ገለጠው። ማዶ ሰው በነጭ በነጭ ለብሶ መንገዱን ይዟል። ፊት ፊት ቀይና አረንጓዴ የካህናት ጥላ ይታያል። ከበሮ ከሩቅ ይሰማል፣ ዜማም አለ። ዋይታ የለም፤ መነኩሴ ናቸውና ማንም አልጮኸላቸውም። ሰው ስለከበበው ቃሬዛው አይታይም። ሕዝቡ ትንሽ ሄዶ ይቆማል፣ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። አስከሬን ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ጊዜ እያረፈ ፍትሐት ይደረግለታል፤ እኔ የቆሙትን እቆጥር ነበር። አምስተኛው ነው።

ሹፌሩ ከጎኔ ነው። ዓይኑ እንደ ሹፌር ዓይን ነው፤ ገባውና ባርኔጣውን ሊያወልቅ እጁን አነሣ። እግሩን ረገጥኩት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እሷ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ።

«ታቦት ነው» አልኩ። «የጽጌ ማኅሌት ቆመው ታቦቱን እያስገቡት ነው።»

ወዲያው ተንበረከከች። መሬቱን ሳመች፤ ሦስት ጊዜ። ተነሣችና ጽጌረዳዎቹን በግራ እጇ እንደያዘች በቀኟ አፏን ሸፈን አድርጋ እልልታዋን ለቀቀችው። ድምፀ መልካም ነበረች። የቀሩት ሴቶችም ተከተሏት፤ ጉብታው በእልልታ ተናጋ። ሸለቆው ተቀብሎ ወደ ማዶ ወሰደው። ከቀብርተኛው መካከል ጥቂት ሰዎች ዞር ብለው ወደኛ ሲያዩ አየሁ። እልል ያለው ማን እንደሆነ አላወቁም፤ እግዜር ይመስገን አላወቁም። ነፋሱ ቆመና ጉሙ ተመለሰ።

ስንወርድ ሹፌሩ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ሳቁ ሁሉ ጠፍቷል። «መምህር፣ ይህን ኃጢአት ብቻህን ተሸከመው፤ እኔ የለሁበትም» አለኝ። አሥር ሰዓት ላይ ተጓዦቹን አሳፍሮ ሄደ። ሁሉም በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ «እንዲህ ያለ ቀን አሳልፈን አናውቅም!» እያሉ አመሰገኑኝ።

እኔና እሷ ወደ አጎቷ ቤት ወረድን። ከእናቷ ቤት አንድ ኮረብታ ይለየዋል። ያን ያህል ሰው በአንድ ቤት ተቀምጦ ፊቱን ሲቆጣጠር አይቼ አላውቅም። ከቀብር የመጡ ናቸው፤ እግራቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እንኳን ደህና መጣሽ» እያሉ ሳሟት። ብዪ፣ ጠጪ፣ ደክሞሻል ተኚ አሏት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እሷ «ነገ ነው፣ ነገ ነው» እያለች እንደ ልጅ ተኛች። ሌሊቱን አላወራውም።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የኔታ፣ አጎቷና አራት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ሁለት አክስቶቿ ግራና ቀኝ ተጠግተዋት ተቀመጡ። እሷ ተነሥታ ለብሳ ስትጠብቅ ነበርና ሊወስዷት የመጡ መስሏት ነጠላዋን አጣፋች። የኔታ ስለ ሰው ልጅ ሟችነት ጀመሩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሞላ ገባት። ያገራችን ሰው ይህን አጀማመር ያውቀዋል።

አክስቶቿ ክንዷን ጨበጡ። እሷ ግን ራሷን አልጣለችም። ፊቷን አልነጨችም። ያ ሁሉ ሰው ሊይዛት ተዘጋጅቶ የሚያዝ ነገር አጣ።

«መቼ?» አለች።

«ትናንት፣ ዶሮ ሲጮኽ» አሉ የኔታ።

«ተቀበረች?»

«ስምንት ሰዓት ላይ።»

ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ያን ፊት ስንት ዓመት አለፈው፣ አሁንም አለ። «ያ ጥላ...» አለች። «ያ ከበሮ...» እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እልል ስትል እንዳደረገችው አይደለም፣ መዳፏን በጥርሷ ነከሰችው።

የኔታ ይህን ጊዜ ነው ለዓመታት የጠበቀችውን ያወጡት። «ልጄ፣ ስሚኝ» አሉ። «እማሆይ ከመሞታቸው በፊት በኔ ፊት፣ በገዛ አፋቸው፣ 'ልጄን ፈትቻታለሁ፣ ደፌን ትርገጥ' ብለዋል። ተፈትተሻል።»

ሴቶቹ አሁን ታለቅሳለች ብለው ጠበቁ። እሷ የኔታን አየች፣ እኔን አየች፣ አጎቷን አየች፣ ደግሞ ወደ የኔታ ተመለሰች።

«ይሄም እንደ ታቦቱ ነው?» አለች።

የኔታ መስቀላቸውን አውጥተው ማሉላት። አጎቷ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። «የፈታኝን አፍ አልሰማሁም» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣትም። ምን ትበል! ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ የምታምነው ሰው ሁሉ በፍቅር ዋሽቷታል፤ የትኛውን ቃል መርጣ ትመን?

የእናቷ ቤት ለልቅሶ ተከፍቶ ነበር። እሷ ግን ደፉ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ወደ ውስጥ አልገባም አለች። ደጁ ላይ፣ በዚያ ውርጭ፣ ቁርበት አንጥፈው ዳስ ነገር ሠሩላት። ለቀስተኛው ሁሉ ቤት ውስጥ፣ የልቅሶው ባለቤት ውጭ ሆነች። ሦስት ቀን እኔም ከዳሱ ጥግ ተቀመጥኩ። አንዲት ቃል አልተነፈሰችኝም፤ «ሂድ» እንኳ አላለችኝም።

በሁለተኛው ቀን የኔታን ከአጥሩ ሥር አገኘኋቸው። «የኔታ፣ እውነት ፈትተዋታል?» አልኳቸው።

«በቆምኩበት መቅደስ እምላለሁ፣ ፈትተዋታል።»

«ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?»

የኔታ ያን ዕለት ሲያረጁ አየኋቸው። «ብነግርህ ኖሮ ደስ ብሎህ ሮጠህ ትነግራት ነበር» አሉኝ። አመንኳቸው? ግማሽ ልቤ አምኗል። ሌላው ግማሽ፣ የኔታ ሞተው እንኳ፣ ዛሬም ይጠይቃቸዋል።

በሦስተኛው ቀን፣ የሣልስቱ እህል ተበልቶ ሰው ሲበተን፣ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከደፉ ማዶ የእናቷ መደብ፣ መቋሚያቸውና የውሃ እንስራቸው ይታያል። አክስቷ «ግቢ የኔ እናት፣ ግቢ» አለች። እግሯን ከደፉ ወዲህ እንደተከለች ጎንበስ ብላ፣ ቤተ ክርስቲያን መግባት የማይችል ሰው ከደጅ እንደሚሳለመው አድርጋ፣ ግራና ቀኙን መቃን ሳመች። ከዚያ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና የደብረ ብርሃንን መንገድ ያዘች።